ፋላኪካና የሙሴ ቴሳንዲዬ የርቀት አበል

ፋላኪካ በሰላማዊ ውቅያኖስ መሃል ፈረንሳይ የምታስተዳድራት የዋሊስ ደሴት ልጅ ናት። ከፈረንሳይ የሚላኩልንን ሹማምንት ስታበላ፣ ልብሳቸውን ስታጥብ፣ ሲኮራረፉም ስታስታርቅ ነው ጸጉሯ የሸበተው። ስንቱን ተቀብላ ስንቱን ሸኝታለች! ሲመጡ ሙቀቱን ይረግማሉ፤ ሲሄዱ አንገቷ ላይ ተጠምጥመው ያለቅሳሉ። እሷ ደግሞ የምታለቅሰው ለደመወዟ ነው። ባሏ ሞቶባት፣ ቤት ሙሉ የልጅ ልጅ የምታሳድግ ሴት ምን ታድርግ!

ከሁሉም የረጋላት የመንገድ ሥራ ሹሙ ሙሴ ቴሳንዲዬ ነበር፤ ሙሴ የምንለው «አቶ» ለማለት ነው። ዓመት በመጣ ቁጥር «ዘንድሮስ እሄዳለሁ» ይላል፤ አይሄድም። ያቆየው የኛ ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ እሱ እንደሚለው ያቆየው የርቀት አበሉ ነው። ከአገሩ ርቆ በችግር ይኖራል ተብሎ ደመወዙን እጥፍ የሚያደርግለት ገንዘብ ነው። ችግሩ ምን እንደሆነ እንጃ፤ ከምሳ በኋላ ሲያንኮራፋ እስከ መንገድ ይሰማል።

አንድ ቀን ፊቱ አመድ መስሎ ኩሽና ገባ።

«ፋላኪካ፣ ጉድ ፈላ! ከፓሪስ ተቆጣጣሪ እየመጣች ነው። ኑሯችን ከባድ መሆን አለመሆኑን አይታ ስለ አበሉ ልትወስን።»

«ትምጣ፤ ምን ቸገረን?»

«መቸገራችን እኮ ነው የሚፈለገው! አበሉ ከተነካ በመጀመሪያው አውሮፕላን እሄዳለሁ። በማርያም ይዤሻለሁ፣ እስክትመለስ ድረስ እንጎሳቆል!»

እሱ ከሄደ ደመወዟም አብሮ እንደሚሄድ ለፋላኪካ ማን ይንገራት? የአየር ማቀዝቀዣውን በምንጣፍ ሸፈነች፤ ጥሩ ጥሩውን ሳህን እህቷ ቤት አሸሸች። ቀጥላ የመንደሩ አለቃ ወደሆነው ወንድሟ ወደ ቪሴሲዮ ሄደች።

«ስማኝ ወንድሜ። እንግዳ ትመጣለች፤ ማንም ምንም ይዞ ድርሽ እንዳይል። አበባ የለ፣ የካቫ መጠጥ የለ፣ አሳማ የለ።»

«አብደሻል እንዴ? እንግዳ እንዲሁ በባዶ?»

«የልጆቼ ጉሮሮ ነው፣ ቪሴሲዮ!»

አለቃው አጉረመረመና እሺ አለ። መንደሩም እሺ አለ።

ተቆጣጣሪዋ ማዳም ኩሎምቤል መጣች። ቀጭን፣ ትሁት፣ ፀሐይ ያቀላት ሴት ናት። ፋላኪካ ደረቅ ሩዝና የቆርቆሮ ሰርዲን አቀረበችላት። «እንግዲህ ኑሯችን ይኸው ነው» አለ ቴሳንዲዬ፣ ሳህኑን እያየና በረጅሙ እየተነፈሰ። ማዳም ሁሉንም ጥርግ አድርጋ በላች። ከዚያ ፋላኪካን ቀና ብላ አየቻትና፣ «እግዜር ይስጥልኝ፤ እጅሽ ይጣፍጣል» አለቻት።

ወይ ጉድ! ብትሰድባት ይሻል ነበር። ፋላኪካ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ባሕር አቋርጣ የመጣች እንግዳ ከፋላኪካ እጅ ሰርዲን በላች ተብሎ ሊወራ ነው! ሲያብሰለስላት አደረ፤ ጠዋት ያለቻትን አንድ አሳማ አሳርዳ የመሬት ምድጃዋን አቀጣጠለች።

ጎረቤቷ ፔሌናቶ ጭሱን አይቶ ብቅ አለ።

«ምንም አናቀርብም አላልሽም?»

«አንዲት ብቻ ናት። ማንም ሳያይ።»

«አንቺ ካቀረብሽ እኔ ሰው አይደለሁም?» ብሎ ሮጠና ሁለት አሳማ ይዞ መጣ። የሱን ሁለት ያየ ሦስት አመጣ። ቀትር ላይ የቴሳንዲዬ ግቢ በተጠበሰ አሳማ፣ በጎደሬ ክምርና በስጦታ ምንጣፍ ተሞልቶ መላወሻ ጠፋ። ሁሉንም ከልክሎ የነበረው ቪሴሲዮ ራሱ ካቫውን ሊያስቀዳ ቁጭ አለ። ማዳም እስከ አገጯ አበባ ለብሳ ከልጆቹ ጋር ስትጨፍር ዋለች።

«ገደልሽኝ!» አለ ቴሳንዲዬ ኩሽና ገብቶ። «አንድ ነገር ብለምንሽ!»

«አመስግና በላችው እኮ፣ ሙሴ! እርስዎ ቢሆኑ ይችሉታል?» አለችው፤ እንባዋ መጣ።

ማዳም አውሮፕላን ስትሳፈር የአሳማ ጭን ታቅፋ ነበር። ቴሳንዲዬን ሳመችውና፣ «ታድለህ! እዚህ ኑሮ ከባድ ነው ብዬ ብጽፍ እግዜርም ይታዘበኛል» አለችው። አልጻፈችም። አበሉ በግማሽ ተቀነሰ።

ቴሳንዲዬ ሻንጣውን አወረደ። ፋላኪካ ሸሚዞቹን እያጠፈች ታለቅሳለች፤ በዚህ ዕድሜዋ ማን ይቀጥራታል? ይሄኔ ቪሴሲዮ ፔሌናቶን አስከትሎ ገባ።

«ሙሴ፣ ልትሄድ ነው አሉን። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ። አሳማዎቹስ?»

«የምን አሳማ?»

«እንግዳዋ ያንተ፣ ግቢው ያንተ። የቀረበው ሁሉ በስምህ ነው የቀረበው። ሰው ሲድር፣ ሲያስጠምቅ፣ ሲቀብር እያየህ ትመልሳለህ።»

«ዋጋውን ልክፈላችሁ!»

ፔሌናቶ ተቀየመ። «አሳማ ሸጥንልህ እንዴ? ልጄን ስድር ራስህ መጥተህ ታቀርባለህ እንጂ።»

ቴሳንዲዬ ሻንጣው ላይ ዘጭ አለ። ፋላኪካን ቢያያት ሸሚዙን አፏ ላይ ይዛ ከሳቅ ጋር ትታገላለች።

«የመጀመሪያው ድግስ መቼ ነው?» አለ።

«ከፋሲካ በኋላ።»

«የመጨረሻውስ?»

ሁለቱ ተያዩ፤ ትንሽም ተከራከሩ።

«ሦስት አሳማ ያመጣው የሶአኔ የልጅ ልጅ ሠርግ ይመስለኛል» አለ ፔሌናቶ። «ገና አልተወለደም እንጂ።»

ፋላኪካ ሸሚዞቹን ወደ ቁም ሣጥኑ ትመልስ ጀመር። ቴሳንዲዬም አላስቆማትም።