በስልክ የተለቀሰላት ጎረቤቴ

ይህ የሆነው አምና፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ዓመት አልፎታል። እኔ ግን እስከ ዛሬ የእድራችንን ሊቀመንበር መንገድ ላይ ሳገኘው ደሜ ይፈላል። ሰላምታ የእግዜር ነው ብዬ እንጂ አፌን ባልከፈትሁለት ነበር።

የምኖረው ደብረ ታቦር ነው፤ እህል እሸጣለሁ። ሰፈራችን ድሮ የጭቃ ቤትና የባሕር ዛፍ አጥር ነበር። አስፋልቱ በጀርባችን ሲያልፍ ሰው ሁሉ ግቢውን እየሸነሸነ ሸጠ። ፎቅ በፎቅ ሆንን፤ ባለ መስታወት ፔንሲዮንም ቆመልን። አዲሶቹ ሰዎች እድራችን ውስጥ ገቡ። መግባታቸውስ ደግ ነበር። ዓመት ሳይሞላቸው ግን እኛን ሊያሠለጥኑን ተነሡ።

መጀመሪያ ዓይናቸው ያረፈው ጥሩንባው ላይ ነው። ጋሽ ሞላ የእድራችን ለፋፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ማለዳ ጥሩንባቸውን እየነፉ፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት እየተናገሩ ሰፈሩን ይዞራሉ። የፔንሲዮኑ ባለቤት በስብሰባ ተነሥቶ፣ «እንግዶቼ እየደነገጡ ነው። ቴሌግራም እያለ በዚህ ዘመን ጥሩንባ!» አለ። ይህን የሚለው የጉና ገበሬ ልጅ ነው። የገዛ አባቱን የቀበረለት በጩኸት ተጠርቶ ከየተራራው የወረደ ሰው ነው።

ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ቤታቸውን ለመሸጥ ገዢ የሚጠብቁት ደገፉት፤ ሰፈሩ ባማረ ቁጥር ዋጋ ይጨምርላቸዋላ! ሌላው ውስጥ ውስጡን ያጉረመርማል እንጂ አይናገርም። ደፍራ የተነሣች ጎረቤቴ ጥሩዬ ብቻ ናት። ልጅ የሌላት፣ ጠላ እየሸጠች የኖረች፣ ምላሷ ግን ምላጭ የሆነ ሴት። «ሞት የሚያስደነግጠው እንግዳ ካለ ሌላ አገር ሄዶ ይደር!» አለቻቸው። ሳቁባት። ሊቀመንበሩም፣ «እትዬ ጥሩዬ፣ ዘመኑ እኮ ተቀይሯል፤ ይልመዱት እንጂ» አላት።

እኔስ? ፔንሲዮኑ ጤፍ የሚገዛው ከእኔ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዝም አልሁ። ጥሩንባው ይቅር ተብሎ እጅ ሲወጣም የኔ እጅ አብሮ ወጣ። ይህን ስጽፍ ራሴንም እየናቅሁ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሞት የሚነገረው በእድሩ ቴሌግራም ሆነ። የኔ ስልክ ከመደወልና ከማንሣት ሌላ አታውቅም። «ግድ የለም፣ ሰው ይነግርሻል» አሉኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ጥሩዬ ታመመችና ሆስፒታል ገባች። የወንድሟ ልጅ ከባሕር ዳር መጥቶ ያስታምማት ጀመር። እኔም በየጠዋቱ አጥሚት እወስድላታለሁ። ረቡዕ ዕለት ከእብናት እህል ተጭኖ መጣብኝና ሳራግፍ ዋልሁ። የሰፈሩ ሰው ሱቄ ይገባል፣ ይወጣል፣ ሽምብራ ይገዛል፣ ዋጋ ቀንሺ እያለ ይነዘንዘኛል። ስለ ጥሩዬ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

ሐሙስ ጠዋት አጥሚቴን ይዤ ሄድሁ። አልጋዋ ላይ ሌላ ሴት ተኝታለች። ክፍል የተሳሳትሁ መስሎኝ ወጥቼ የበሩን ቁጥር አየሁ። ነርሷ ታዝባኝ ኖሮ፣ «እማማ፣ አልሰሙም እንዴ? ትናንት ጠዋት እኮ ነው አስከሬኑን ከዚሁ ወደ ቤተ ክርስቲያን የወሰዱት» አለችኝ። አራት ቤት አልፋ የምትኖር ጓደኛዬ ከሆስፒታል በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ተወስዳ ስትቀበር፣ እኔ ሽምብራ እመዝን ነበር!

ከዚያው ወደ ሊቀመንበሩ ቤት ገሠገሥሁ። «ቴሌግራም ላይ ለጥፈነው ነበር እኮ እትዬ» አለና ስልኩን ደቀነብኝ። ከስሟ ሥር እንባ የሚያፈሱ ቢጫ ፊቶች ተደርድረዋል። ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር። ባለ ፔንሲዮኑማ ሦስት ፊት ነው የለጠፈው፤ ኀዘኑ ቢጠናበት!

«ቀብር ስንት ሰው መጣ?» አልሁት። ተቅለሰለሰ። ከካህናቱ ሌላ የወንድሟ ልጅ፣ እሱ ራሱና ጉድጓድ የቆፈሩ ሁለት የቀን ሠራተኞች ብቻ። እያንዳንዱ ሌላው ይሄዳል ብሎ ቤቱ ቀርቷል። የባሰውን ደግሞ ስሙኝ። እድርተኛው ቀብር መገኘት አለመገኘቱን የመዘገቡት በዚያው በቢጫ ፊት ነው! ፊት የለጠፈ ሁሉ «ተገኝቷል» ተብሎለታል። በኔ ስም ትይዩ «ቀሪ» ተጽፏል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይሉ ነበር አባቶቻችን። እነዚህ አንጀታቸው ጣታቸው ላይ ነው።

የወንድሟ ልጅ ሣልስቷን እንኳ ሳይጠብቅ፣ የቤቷን ሽያጭ ከባለ ፔንሲዮኑ ጋር ተነጋግሮ፣ በዚያው ሐሙስ ማለዳ ወደ ባሕር ዳር ተመልሷል።

ስመለስ ጋሽ ሞላ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እሳቸው ጭራሽ ስልክ የላቸውም። «ጥሩዬ አርፋለች» አልኋቸው። ብድግ ብለው ነጠላቸውን አዘቀዘቁና፣ «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። ትናንት ነበር ማለት አቃተኝ። ገባቸውና ተመልሰው ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ተያይዘን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። መቃብሩ መካከል አፈራቸው ያልደረቀ ሁለት አዲስ ጉብታዎች አሉ። መስቀል የላቸው፣ ስም የላቸው። «የቷ ናት?» አሉኝ ጋሽ ሞላ። ምን ልበላቸው? ስትቀበር አልነበርን። ለሁለቱም አለቀስን።

ለፔንሲዮኑ ጤፍ መሸጥ ትቻለሁ። አሁንም ለኪዳን ስሄድ ሁለቱ ጉብታዎች ዘንድ እቆማለሁ። ካህናቱን እንዳልጠይቅ፣ «ጓደኛሽን አልቀበርሽም?» ይሉኛል ብዬ አፍራለሁ። ሊቀመንበሩ የቷ እንደሆነች ያውቃል። እሱን ከምጠይቅ ግን ለማላውቀው ሰው ሳለቅስ ብኖር ይሻለኛል።