በገብስ መጋዘን የተከበረው የገጣሚዎች ሕግ

አሰላ ውስጥ ከቤቴ ለእስር የወሰዱኝ ቁርሴን ሳልጨርስ ነው። አልዋሽም፣ ፈርቼ ነበር። ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የገብስ መጋዘን የነበረ ነው፤ ግድግዳው እርጥብ፣ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ።

አዲስ ገቢ ጨዋታ ያምጣ የሚል የክፍሉ ሕግ ነበር። እኔ በወጣትነቴ ሩሲያ የተማርኩ፣ ጡረታ የወጣሁ የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነኝ፤ ሌላ ምን ጨዋታ አለኝ? ከሩሲያ አብዮት በፊት ስለነበሩ ወጣት ገጣሚዎች ማውራት ጀመርኩ።

«አይ መምህር! እኛ የሌባ ታሪክ ስንጠብቅ!» ብለው ሳቁብኝ።

ቀጠልኩ። ገጣሚዎቹ ግጥም እንደ ሽመናና እንደ አናጢነት የእጅ ሥራ ነው ብለው ማኅበር መሠረቱ። ክብ ሠርተው ተቀምጠው በየተራ ያነባሉ። «ምክንያቱም» ብሎ ሳያስረዳ ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው ማለት ግን ለማንም አይፈቀድም። በኋላ ዘመኑ ከፋ፤ ከመሥራቾቹ አንዱን ረሸኑት። እዚህ ላይ ስደርስ የሳቀ የለም።

«ያለምክንያት የማይፈርዱ፣ ሽምግልና የሚያውቁ ሰዎች ናቸው» አሉ ከሮቤ የመጡት አዛውንት ገበሬ። ሁላችንም አባባ ነበር የምንላቸው።

በማግስቱ አብሮን የታሰረው የአቦምሳ ሚኒባስ ሾፌር ለምርመራ ተጠራ። ሲመለስ ጭረት እንኳ የለበትም፤ ጭራሽ ዳቦ ይዟል። ካቦው፣ የክፍላችን አለቃ፣ ብድግ አለ።

«ይሄ ጆሮ ጠቢ ነው! ከዛሬ ጀምሮ ከማዕድ ይለይ። ማንም እንዳያናግረው!»

ካቦው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንድሙን በሰው ጥቆማ ያጣ ነው። ሾፌሩ ግን ወደ አባባ ዞረ። ብርድ ልብስ እንኳ ለሦስት ለአራት በምንጋራበት ክፍል የተገለለ ሰው እንደማይከርም ያውቃል።

አባባ እጃቸውን አነሱ። «ሰበብኒ ኢሳ ማሊ? ምክንያቱ ምንድነው ልጄ? መምህሩ የነገሩንን ረሳኸው?»

«ምክንያቱማ ሳይመታ ተመለሰ፣ አባባ! ዳቦም ሰጡት!»

«እኔንስ መቼ መቱኝ? ጆሮ ጠቢ ነህ በለኛ!»

«እኔንም የነካኝ የለም» አልኩ።

አባባ ወደ ሾፌሩ ዞሩ። «ዳቦውን ከየት አመጣኸው?»

«ተረኛው ጠባቂ ነው የሰጠኝ። ያገሬ ልጅ ነው፤ በኔ መኪና ሲመላለስ ያውቀኛል።»

ማስረጃ አልነበረውም። ካቦው እንዳልተዋጠለት ፊቱ ይናገራል። ሆኖም፣ «እሺ፤ ከጥርጣሬ በቀር የያዝኩት የለም» ብሎ ተቀመጠ። ሾፌሩ ዳቦውን ቆረሰና የመጀመሪያውን ቁራሽ ለካቦው ዘረጋ። ካቦው ትንሽ አየውና በሁለት እጁ ተቀበለው።

ሾፌሩ ጠቋሚ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። ያን ቀን በመናገሬ ግን ደስ ይለኛል። ይህን ባወራሁ ቁጥር ልጄ «ለመሆኑ አንተ ለምን ታሰርክ?» ትለኛለች። የተፈታሁ ዕለት እኔም ምክንያቱን ጠይቄ ነበር። አንድ ወጣት መኮንን በትሕትና በሩን ከፈተልኝ።

«ይሂዱ ተብለዋል አባቴ፤ ይሂዱ» አለኝ።