አሚን ያላልኩበት ስብሰባ

በልጄ ትምህርት ቤት መዝገብ ውስጥ «ወላጆች በግቢው ደህንነት መደሰታቸውን ገልጸው ምስጋና አቅርበዋል» የሚል አንድ መስመር አለ። ያ ወላጅ እኔ ነኝ። አመስግኛለሁ፣ አልዋሽም። ግን ያንን መስመር ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ።

የሴቶቹ ሽንት ቤት ከግቢው ጥግ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። ወለሉ አጠና ተረብርቦ በላዩ ጭቃ የተመረገ ነበር። በር አልነበረውም። ድሮ ነበረው፤ የዕቃ ቤቱ በር ሲሰበር «ለጊዜው ነው» ብለው ነቅለው ለዚያ ገጠሙት። ያ ጊዜ ሁለት ዓመት ሆነው። ልጃገረዶቹ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ሻርፗን ዘርግታ በር ሆና ትቆማለች።

ክረምቱ እንደወጣ አንድ ሰኞ ጠዋት ልጄ ስትገባ ወለሉ ከእግሯ ሥር ተናደ። አጠናው ከሥር በስብሶ ኖሯል። አንድ እግሯ እስከ ጭኗ ገባ፣ ሌላው ከላይ ቀረ። ሻርፕ ዘርግታ የቆመችው ጓደኛዋ ብብቷን ይዛ ጮኸች። ሌሎች ልጆች ደርሰው ጎትተው አወጧት። አላህ አተረፋት፤ ከአላህ በታች እነዚያ ልጆች።

ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሰባተኛ ክፍል።

እኔ ቤት ገብስ እያበጠርኩ ነበር። ጠዋት የደረሰውን ያወቅሁት ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ጓደኞቿ ደግፈው ሲያመጧት ነው። ከጉልበቷ በታች በራሷ ሻሽ ታስሯል። ደሙ ደርቆ ሻሹ ከቁስሉ ተጣብቋል። ከሕመሙ ይልቅ ያስለቀሳት ጸጉሯ ተገልጦ በከተማው መሐል ማለፏ ነበር።

«ትምህርት ቤቱ ለምን አልጠራኝም?» አልኳት።

«ግሩፑ ላይ ጽፈናል አሉ፣ እማ።»

ግሩፕ የሚሉት ዳይሬክተሩ ለወላጆች በስልክ መልእክት የሚልክበትን ነው። ተች ስልክ ያለው ያየዋል። የኔ ባለ ቁልፍ ናት። ትደውላለች፣ ታስደውላለች፣ ባትሪዋ ሳምንት ይቆያል፤ አልሐምዱሊላህ። ቁጥሬም ልጄ ስትመዘገብ ተጽፏል። አንድ ሰው ያንን ቁጥር መንካት ብቻ ነበረበት።

ከመግሪብ በፊት ጎረቤቴ እየሮጠች መጣች። ልጇ ጂዳ ናት። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ነው የሄደችው። ለእናቷ ተች ስልክ የላከችላትም እሷ ናት።

«ኧረ አፈር ስበላ! ወላሂ አሁን ነው ያየሁት» ብላ ስልኩን ፊቴ ላይ ዘረጋችው።

«አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ቀላል ጉዳት ስለደረሰባት ወላጅ መጥቶ ይውሰድ» ይላል። ስም የለውም። ከሥሩ አውራ ጣቶች ተደርድረዋል።

«ይኼ አውራ ጣት ምንድን ነው?» አልኳት።

«አይተናል፣ ጥሩ ነው ማለት ነው።»

«ምኑ ነው ጥሩ?»

«እኔ እንጃ እህቴ። እኔም አንዳንዴ ሳላነብ እጫነዋለሁ።» ደንግጣ ስልኩን መለሰችው። ከዚያ ልታስቀኝ ሞከረች። «አንቺስ ብትሆኚ ይህችን ስልክሽን እስከ መቼ ነው? ከንጉሡ ዘመን የተረፈች እኮ ናት።»

ሌላ ጊዜ ያስቀኛል። ያን ቀን አልሳቅሁም።

አባቷ «ትቅር» አለ። «ልጅ ጉድጓድ ገብታ ጠሪ ከሌለ፣ ትቅር።» እኔ «ትማራለች» አልኩ። ብዙ አልተከራከርንም። እኔም ከስምንተኛ ነው ያቋረጥኩት። ለምን እንዳቋረጥኩ እሱ ያውቃል፤ ያገባኝ እሱ ነው።

ከሳምንት በኋላ ወላጆች አስተያየት እንድንሰጥ ተጠራን። ይኸኛው ጥሪ በልጆቹ እጅ በወረቀት መጣ። ለስብሰባ ሲሆን ወረቀት አይጠፋም። ስለ ደህንነት፣ ስለ ትምህርት ቤቱና ወላጅ ግንኙነት፣ ስለ ሴቶችና ወንዶች እኩል መታየት ተናገሩ ተባልን። ልጆቻችንን ቁርአን የሚያቀሩት የሰፈራችን ሼህ በዱአ ከፈቱ። እዚህ መካነ ሰላም ስብሰባ ያለ ዱአ አይከፈትም፣ ያለ ዱአም አይዘጋም። ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል።

ተነሳሁ። እናቴ «ቅሬታ ራቁቱን አይወጣም» ትል ነበር። በእኛ ዘንድ ሰው መጀመሪያ ያመሰግናል፣ ከዚያ የከፋውን ይናገራል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ብርድ ሳይሉ፣ ጭቃ ሳይሉ የሚያስተምሩልንን መምህራን አመሰገንኩ። ትምህርት ቤት ለደጃችን ያበቃልንን አላህን አመሰገንኩ። ልጄን ያወጡልኝን ልጆች፣ የወለዷቸውን እናቶች አመሰገንኩ። ከዚያ የመጣሁበትን አልኩ።

«ወለሉ በስብሷል፣ ይሠራ። በሩ ይመለስ። ልጄ ስትጎዳ ይደወልልኝ። ለወንዶቹ አምና ሲሚንቶ ሲፈስላቸው የሴቶቹ ለምን ቀረ?»

ተቀመጥኩ። ጸሐፊው ከአቀስታ ተዛውሮ የመጣ ወጣት መምህር ነው። አንገቱን ደፍቶ ሲጽፍ አየሁት። ወረቀቱ ዞረ፣ ፈረምኩ። ሼሁ የመዝጊያውን ዱአ ሲያደርጉ ከሁሉ ጮክ ብዬ አሚን ያልኩት እኔ ነበርኩ።

የልጄ ቁስል ሻረ። ትምህርቷን ቀጠለች። ለዚህም አመሰገንኩ።

ጠዋት ጠዋት ግን ሻይዋን ይዛ ወደ ጓሮ መውጣት አመጣች። አንድ ቀን ተከትዬ ወጣሁ። ጎመኑ ሥር ስታፈሰው ያዝኳት።

«ጾም ነሽ?»

«አይ።»

«ታዲያ?»

ብርጭቆውን ወደ ኋላዋ ደበቀችው። «ከጠጣሁ ሽንቴ ይመጣል» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዚያ ቀን ወዲህ።»

እስከ ከሰዓት ውሃ በአፏ አይዞርም ነበር። ወገቤን፣ ሆዴን ስትል የሰነበተችው ለካ ለዚህ ነው። ልጄ በረመዳን ስትጾም ኮርቼባት አውቃለሁ። ይህ ግን ለአላህ የተጾመ አልነበረም። ለበሰበሰ አጠና የተጾመ ነበር።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሽንቷን መርምረው መድኃኒት ሰጡን። ነርሷ «እናት፣ ውሃ አታሳጧት» አለችኝ። እኔ አይደለሁም ያሳጣኋት ልላት ፈልጌ ልጄን ይዤ ወጣሁ።

ስንመለስ ልጄ መንገድ ላይ ቆም አለች።

«እማ፣ እኔም እንደ ጎረቤታችን ልጅ ጂዳ ብሄድስ?»

«ምን ልታደርጊ?»

«እዚያ ሽንት ቤቱ ቤት ውስጥ ነው አሉ። በሩም ይቆለፋል አሉ።»

ቤት አድርሼያት፣ ልብሴን ሳልቀይር ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ።

ዳይሬክተሩ በትህትና ወንበር ሳበልኝ። «እናት፣ ምን ልታዘዝ?»

«የተናገርኩት የት ደረሰ?»

«የትኛው?»

«የስብሰባው።»

የቃለ ጉባኤውን መዝገብ አስመጣ። ይዞት የገባው ጸሐፊው ራሱ ነው። ሊያነብልኝ ሲል «አነባለሁ» ብዬ ተቀበልኩት። ያ መስመር አለ። ከኋላው የኔ ፊርማ አለ። ስለ ወለሉ፣ ስለ በሩ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ሲሚንቶው አንድ ቃል የለም። ዓይኔን አላመንኩም፤ ደግሜ አነበብኩት።

«እኔ ይህን ብቻ ነው ያልኩት?»

ጸሐፊው «አላመሰገኑም እንዴ?» አለኝ።

«አመስግኛለሁ።»

«እኮ፣ እሱን ጻፍኩ።»

«የቀረውስ?»

«የቀረው ያው… ዝርዝር ነው።»

ዳይሬክተሩ ፈገግ አለ። «ይህ ወደ ወረዳ የሚሄድ ነው፣ እናት። ጥሩ ነገር ሲሄድ ጥሩ ነገር ይመጣል። አብሽሩ፣ በጀት ሲለቀቅ ይሠራል።»

«ልጄ ውሃ አትጠጣም» አልኩት።

«እንዴት?»

ነገርኩት። ፈገግታው ጠፋ። ያፈረ መሰለኝ፤ አፍሯልም ብዬ አምናለሁ። እስክሪብቶውን ግን አላነሳም።

ስመለስ እግሬ የት እንደሚረግጥ አላውቅም ነበር። በእነሱም ተናድጃለሁ፣ በራሴም ተናድጃለሁ። ምስጋናዬን ረጅም፣ ቅሬታዬን አጭር ያደረግሁት እኔ ነኝ። ግን ምስጋና የአላህ ነው። እኔ ለአላህ ያልኩትን እነሱ ለወረዳ ላኩት።

ቀጣዩ ስብሰባ ከወረዳ እንግዳ የመጣበት ነበር። ጎረቤቴ ከጎኔ ተቀመጠች።

«ዛሬስ ምን ልትናገሪ ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ? ለለስላሳው?»

«አሚን ላለማለት።»

ዞራ አየችኝ። «ያረቢ! ሼሁ ይቀየሙናል።»

«አይቀየሙም። ይጠይቃሉ።»

ከፊታችን የተቀመጠች አንገቷ ላይ ማተብ ያለባት ሴት ሰምታን ኖሮ ፊቷን መለሰች። «በምን ምክንያት ነው?» አለች። በሁለት ቃል ነገርኳት። «የኔም ልጅ ጠዋት አትጠጣም። አመል መስሎኝ ስቆጣት ከረምኩ» አለች። ከዚያ ወደ ጎኗ ሴት ጎንበስ ብላ አንሾካሾከች። ወሬው በሴቶቹ ረድፍ ሲሄድ አየሁት።

ሪፖርቱ ተነበበ። ያ መስመርም ተነበበ። እንግዳው አጨበጨበ። አስተያየት ተጠየቀ፤ ከሴቶች በኩል እጅ አልወጣም። ሼሁ ለመዝጊያው ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ።

«ያ አላህ፣ አገራችንን ሰላም አድርግልን።»

ወንዶቹ «አሚን» አሉ። ከእኛ በኩል ዝም።

«ዝናሙን በወቅቱ፣ አዝመራውን በበረከት አድርግልን።»

«አሚን።» ከእኛ በኩል ዝም።

«ልጆቻችንን ከክፉ ሁሉ ጠብቅልን።»

ይኸኛው ከበደኝ። አሚኑ ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል። እጆቼን ከሻርፔ ሥር አጣብቄ ያዝኳቸው።

ሼሁ ቆሙ። «የሴቶቹ አሚን ወዴት ሄደ?»

ከኋላ አንዱ ወንድ «ብርዱ ድምጻቸውን ዘግቶት ይሆናል» አለ። ሳቁ። ሼሁ አልሳቁም።

«እኔ የእናት አሚን የሌለበት ዱአ አልዘጋም። ምን አጠፋሁ?»

ተነሳሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ቆሜ ሳላመሰግን ተናገርኩ።

«እርስዎ አላጠፉም፣ ሼህዬ። ልጆቻችንን ጠብቅ አሉ። ጉድጓዱን እኛ ከፍተን ትተን አላህን ጠብቅልን ማለት አሳፈረኝ። ባለፈው እዚሁ ቆሜ ተናግሬ ነበር። ምስጋናዬ ተጻፈ፣ ያልኩት አልተጻፈም። ይጻፍ። ያኔ አሚን እላለሁ።»

ሼሁ እጃቸውን ሳያወርዱ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ልጄ፣ መዝገቡን ክፈት።»

«ሼህዬ፣ ያለፈው ተፈርሞ ተዘግቷል።»

«የኔም ዱአ ሊዘጋ ነበር፤ ይኸው ክፍት ቀርቷል። ክፈት።»

ከፈተ። ያንኑ ያልኩትን ደገምኩለት፤ ልጄ ውሃ መተዋን ጨመርኩ። ማተብ ያሰረችው ሴት ተነስታ የልጇን ተናገረች። ከዚያ ሌላ እናት። ከዚያ ሌላ። አንዳቸውም ለሌላው ነግረው አያውቁም ነበር። እያንዳንዳችን የልጃችን አመል መስሎን በየቤታችን ስንቆጣ ኖረናል። ይህን ስሰማ የተናደድኩትን ያህል በዘመኔ ተናድጄ አላውቅም።

«አንብበው» አልኩት ጸሐፊውን። አነበበ። ድምጹ ዝቅ ሲል «ጮክ በል ልጄ፣ ጆሮዬ ደክሟል» አሉት ሼሁ። የሽማግሌው እጆች እስከዚያ ድረስ አልወረዱም።

አንብቦ ሲጨርስ ዱአቸውን ከመጀመሪያው ጀመሩት። አሚን አልን። ጎረቤቴ እያለቀሰች ነበር። ለልጄ ይሁን ለልጇ አልጠየቅኋትም።

እንግዳው ያን ቀን ሽንት ቤቱን ሄዶ አየ፤ አፍንጫውን በፎጣ ይዞ። ወለሉ ሲሚንቶ ፈሰሰበት። በሩ ከዕቃ ቤቱ ተመለሰ፤ ግን መቀርቀሪያው እንደ ዕቃ ቤቱ በውጭ በኩል ነበር። ልጃገረድ ከውጭ የሚቆለፍ በር ምን ያደርግላታል? እንደገና ሄድኩ። ዳይሬክተሩ ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ገባኝ እናት፣ ዛሬውኑ» አለ። ዛሬውኑ አልሆነም፤ በሦስተኛው ቀን ሆነ። አንድ ቀንም ስልኬ ጮኸች፤ ዳይሬክተሩ ነው። «ልጅዎ ደህና ናት። ቁጥሩ ይሠራ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው» አለኝ። «ይሠራል» አልኩት። ድሮም ይሠራ ነበር።

ቁጣዬ ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። እነዚያ ልጆች ጥማቸውን ይዘው የዋሉባቸውን ቀናት የትኛውም መዝገብ አይመልስላቸውም።

ልጄ መቀርቀሪያው ወደ ውስጥ ከዞረ በኋላም ብዙ ጠዋት ሻይዋን ግማሽ ድረስ ብቻ ትጠጣ ነበር። አልተጫንኳትም። ጂዳንም አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁባት። ባለፈው ሐሙስ ደብተሯን አንስታ በሩ ላይ ከደረሰች በኋላ ተመለሰች። ባዶውን ብርጭቆ ዘረጋችልኝ።

«እማ፣ ጨምሪልኝ።»

ጨመርኩላት። ቆማ ጠጣችው። አልሐምዱሊላህ ያልኩት ከወጣች በኋላ ነው፤ ለብቻዬ፣ ማንም በሌለበት።