ለምርመራ የተሠራ ሹሩባ

የእናቴን የምርመራ ቀጠሮ ወረቀት አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ፀጉር በሳሙና ታጥቦ፣ ምንም ቅባት ሳይነካው መምጣት እንዳለበት በግልጽ ተጽፏል። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ማንበብ አያቅተኝም።

እናቴ የመጀመሪያውን የድብርት መድኃኒት ሁለት ወር ውጣ ምንም አልለወጣትም። ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ አልጋ። ሐኪሟ ሌላ ክኒን ሲያዝላት፣ ሳትጀምረው የአንጎሏ ሞገድ ቢለካ መድኃኒቱ ይስማማት እንደሆነ ከወዲሁ ለመገመት ሊረዳ ይችላል አላት። ገና በጥናት ላይ ያለ ነገር ነው። ቀጠሮው ካለፈ ግን ክኒኑን እንዲሁ ጀምራ፣ እንደገና ሳምንታት ቆጥረን ነው የምናውቀው። ያንን ቆጠራ ፈራሁት።

በዋዜማው እሑድ፣ መንገዳችን ጥግ ላይ ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ለጋ ቅቤ ይዛ መጣች።

«በዚህ ፀጉር ነው ጭንቅላትሽን ለሐኪም የምታሳዪው?»

«የሚያዩት እኮ ውስጡን ነው» አለች እናቴ።

«ታዲያ ውስጥ የሚገባው በውጭ አይደል? በሩን ላሳምርልሽ!»

እናቴ ሳቀች። ከስንት ወር በኋላ! ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ትንሽ ቅቤ ምን ያደርጋል ብዬ ዝም አልኩ። ጎረቤታችን ቅቤውን ቀብታ፣ ቀጭን ሹሩባ ሠራቻት።

ጠዋት ከአቃቂ በተሳፈርንበት ታክሲ ውስጥ ቅቤው ሸተተኝ። ሳሪስ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። እግሬ አላርፍ ሲል እናቴ ጉልበቴን ያዝ አድርጋ፣ «የምትፈተኚው አንቺ ነሽ እንዴ?» አለችኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ መርማሪው ወጣት ሽቦ የተሰካካበትን ኮፍያ እንደያዘ ፀጉሯን ነካ አደረገ።

«ማዘር፣ ቅቤ ነው?»

«ለጋ ነው» አለች በኩራት።

«ቅባት ካለ አይነበብልንም። ወረቀት አልተሰጣችሁም?»

«እኔ ነኝ የረሳሁት» አለች እናቴ ቶሎ ብላ።

ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። «አይደለም፤ እኔ አንብቤ ዝም ብዬ ነው።»

ሰዓቱን አየ። «አንድ ሰዓት አላችሁ። ከዚያ ሌላ ታካሚ ይገባል።»

ሳሙና ገዝቼ ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ወሰድኳት። ሹሩባውን ስፈታ ጣቶቼ እየተንሸራተቱ አስቸገሩኝ። ውሃው ይቀዘቅዛል። አጎንብሳ ሳለች፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ።

«እየሳቅሽ ነበር።»

እጇን ወደ ኋላ ሰዳ አንዱን ሹሩባ ራሷ መፍታት ጀመረች። «ሌላ ጊዜ እየሳቅኩም ቢሆን ንገሪኝ።»

ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መርማሪው ኮፍያውን አጠለቀላት። መስመሮቹ ስክሪኑ ላይ መሮጥ ጀመሩ።

«መድኃኒቱ ይሠራላታል?» አልኩት።

«ልኬቱ ጥሩ ነው። ሌላውን ሐኪሟን ጠይቂ፤ እሱም ቢሆን የሚነግርሽ ግምት ነው።»

ስንመለስ ጎረቤታችን ሱቋ በር ላይ ቆማ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ እርጥቡን ፀጉር አሳየቻት።

«ያሳመርሽው በር አዳልጧቸው ሊገቡ አልቻሉም!»

ጎረቤታችን በሳቅ ፈነዳች። እኔ የእናቴን ፊት አየሁ፤ መሳቅ አለመሳቋን መለየት አቃተኝ። ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ጋደም አለች።

በማግስቱ ሐኪሟን አይታ የምትጀምረውን ክኒን መመሪያ ወረቀት ከካርቶኑ አወጣሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና፣ ምንም ሳልዘል፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።