የእህቴ ቤት አቅጣጫ

የመንደራችንን ታሪክ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ለንደን ውስጥ የለም ብዬ እኩራራ ነበር። ደቡብ ውስጥ፣ ተራራ ወገብ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። መጀመሪያ ጫካውን መንጥሮ እንሰት የተከለው ማን እንደሆነ፣ የማን ድንበር በየትኛው ጅረት እንደሚያልፍ፣ ቤተክርስቲያኑ ለምን ወደ ጉብታው እንደተዛወረ፣ ኬንቲሽ ታውን በሚባለው ሰፈር ለክርስትናም ለለቅሶም በተሰበሰብን ቁጥር እተነትናለሁ። «አሁን ደግሞ ከወንዙ ጀመረ!» እያሉ ይስቁብኛል። ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት ዝናቡ አላባራ ብሎ ተራራው ተናደ። ፓርክ ሮያል ከምሠራበት የሳንድዊች ፋብሪካ ለምሳ እንደወጣሁ ስልኬ ጮኸ። ከማዶ መንደር ለቁፋሮ ከመጡት አንዱ ነው፤ ቁጥሬን ከተማ ካለ ዘመድ አግኝቶ ነው።

«ጋሼ፣ የሚጠየቅ ጎረቤት እንኳን አልተረፈም። ከቤተክርስቲያኑና ከዝግባው በቀር ሁሉም ጭቃ ሆኗል። የእህትዎ ቤት በየት በኩል ነበር?»

አላመነታሁም። «ለቤተክርስቲያኑ ጀርባችሁን ስጡና ቁልቁል ውረዱ። ዝግባው ጋ ስትደርሱ ወደ ግራ ታጠፉ። መቶ እርምጃ አይሞላም።»

ያን ቀን ቆፈሩ፣ በማግስቱም ቆፈሩ። ምንም የለም። እኔ ግን «እዚያው ነው፣ ጠለቅ አድርጉት!» እያልኩ እቆጣቸዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሼፈርድስ ቡሽ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ትዝ አለኝ። ከአራት ዓመት በፊት እህቴ በስልክ፣ «ወንድም ጋሼ፣ የድሮውን ቤት አፍርሼ ወደ ላይ ወጣሁ እኮ። ምንጩ አጠገብ፣ ቆርቆሮ ቤት ሠራሁ» ብላኝ ነበር። እኔ ስለ አያቶቻችን ድንበር ልጠይቃት ቸኩዬ «ጎሽ» ብዬ አለፍኩት። ለቆፋሪዎቹ ያሳየኋቸው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ትቼው የመጣሁትን ቤት ነው።

ወዲያው ደወልኩ። «ወደ ላይ! ምንጩ ጋ!» አልኩት። ከሰዓት በኋላ አገኟት።

«አይዞዎት ጋሼ» አለኝ ሰውዬው ሊያጽናናኝ ብሎ። «አንድ ቁስል የለባትም። በሩ ሥር ቁጭ እንዳለች ነው ያገኘናት።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል የለኝም። በሕይወት ስንት ሰዓት ተቀመጠች? ስንት ቀን? የምጠይቀው ሰው የለም፤ ብጠይቅም መልሱን እፈራለሁ።

እርሟን ስናወጣ ቤቴ በሰው ሞላ። ስለ ሁለቱ ቀን ለማንም አልተናገርኩም። አንዲት እናት ትከሻዬን ይዘው፣ «አንተ አገሩን ባታውቀው ኖሮ እህትህ መቃብር እንኳን አታገኝም ነበር፤ እግዚአብሔር ውለታህን ይክፈልህ» አሉኝ።

አንገቴን ደፍቼ «አሜን» አልኩ።