ዛፍ ላይ የቀረው ብር

አሮጌው ብር ከቀነ ገደቡ በኋላ አይሠራም የሚለው አዋጅ በሬዲዮ ሲነገር አጎቴ «ገና ጊዜ አለ» አሉ። ብራቸው ያለው ሺሺንዳ አጠገብ ባለው ጫካ፣ ረጅም ዛፍ ላይ በሰቀሉት ባዶ ቀፎ ውስጥ ነበር። እኛ ዘንድ የሰው ቀፎ የሚነካ የለም፤ ከባንክ ይልቅ እሱን ቢያምኑ አይገርመኝም። እኔን የሚያናድደኝ፣ ያን ቀን የቆረጡት ሰዎች ዝናባችንንና ጭቃችንን አለማሰባቸው ነው። መንገዱ ሲደርቅ የቀረን አንድ ቀን ነበር።

ዛፉ ሥር ስንደርስ ከላይ የንብ ድምፅ ሰማን። ባዶው ቀፎ ንብ ገብቶበታል።

«ጋሼ፣ ይቅርብዎት» አልኳቸው።

«ነገ እኮ ተራ ወረቀት ነው» አሉና ችቦ ለኩሰው ወጡ። ወገባቸው ላይ ያሰርነውን ገመድ በቅርንጫፍ አሳልፈን ጫፉን እኔ ከታች ይዤ ነበር። ድምፁ እየበረታ መጣ። ከዚያ ገመዱ እጄ ላይ ድንገት ከበደኝ።