ሻምበሉ ያወረደው ድንጋይ

"ይህን አገር የቸገረው ቆራጥ መሪ ነው፣ ጋሼ!" አለኝ የእህቴ ልጅ፣ ትናንት ደብረ ማርቆስ ቤቴ ምሳ እየበላን። ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ቆራጥ ሲል የማያዝን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ።

እኔም በሱ ዕድሜ ወታደር ነበርኩ። ከጉንደ ወይን ወደ መርጡለ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት መንደር አጠገብ ሰፍረን ነበር። ወይ የዚያን ጊዜ ኅዳር! ጤፉ ታጭዶ በየአውድማው ተከምሯል፤ አገሩ ሁሉ ገለባ ገለባ ይሸታል። ገበሬዎቹ የሽምብራ እሸት እየጠበሱ ስለሚሰጡን የጦሩን ደረቅ ብስኩት ረስተነው ነበር።

አንድ ጠዋት ከበላይ በሬዲዮ ትእዛዝ መጣ፤ ሽፍቶች እንዳይቀለቡበት ክምሩ በሙሉ ይቃጠል ተባለ። አዛዣችን ሻምበሉ ጥይት ሲዘንብ እንኳ ጎንበስ የማይል ሰው ነው። ክብሪት አደለን።

ወሬው መንደሩ ዘንድ እንዴት እንደደረሰ እንጃ፣ ሽማግሌዎቹ በየአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው መጥተው ሻምበሉ ፊት ተንበረከኩ። በአገራችን ድንጋይ ተሸክሞ ምሕረት የሚለምን በደለኛ ነው። እነሱ ምን በደሉ? የተለመነው ሰው ድንጋዩን በገዛ እጁ ካወረደ ግን አበቃ፤ ምሯል፤ ወደ ኋላ ማለት የለም።

"ልጆቻችን ምን ይቅመሱ፣ ጌታዬ?" አሉ ጺማቸው የሸበተ አንድ አባት።

ሻምበሉ ጠጋ አላቸው። ከዚያ የሳቸውን ድንጋይ አወረደ። የሁሉንም አወረደ።

"ያደረግሁትን አየህ?" አለኝ ወደ ድንኳኑ ስንመለስ።

"ምኑን፣ ሻምበል?"

"ድንጋዩን ማውረዴን ነዋ! በሕይወቴ እንደዛሬ ፈርቼ አላውቅም።" ሬዲዮውን አንሥቶ "አላቃጥልም" አለ።

በማግስቱ ከበላይ የተላኩ ሰዎች በመኪና መጥተው ወሰዱት። ሌላ ጦር መጣና ክምሩን አነደደው። አመዱ ገና ሲጨስ እኚያ አባት መንገድ ላይ አገኙኝ። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"እህሉስ ይሁን፣ ልጄ፤ እግዜር ያውቃል፣ እንዘራለን" አሉኝ። "ያን ሰውዬስ የት አደረሳችሁት?"

መኪናው የሄደበትን አቅጣጫ ብቻ አሳየኋቸው። ጦሩ ከተበተነ በኋላ ስንቱን ጠየቅሁ! ወሬውን የሚያውቅ፣ መቃብሩን የሚያሳይ አንድ ሰው አጣሁ። አንዳንዴማ እናደድበታለሁ፤ እህሉ ላይተርፍ ምነው በቀረበት እላለሁ። መልሼ ደግሞ እንዲህ በማለቴ አፍራለሁ።

ትናንት ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። "ታዲያ ምን ጠቀመ?" ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

"የት ወሰዱት፣ ጋሼ?" አለኝ።

"አላውቅም፣ ልጄ" አልኩት፤ እንባዬም ቀደመኝ።